ማቀነባበርና ማቀዝቀዝ በባለ ሁለት ሁነት አረብ ብረት ውስጠ መዋቅር ላይ፦ ከጣና ዳር ሲታይ

ባሕር ዳር ላይ ውኃ በ100 ዲግሪ ሴልሲየስ አይፈላም። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ውኃው በ94 ዲግሪ አካባቢ ይንተከተካል፤ ወደ ምንጩ፣ ወደ ግሽ አባይ ሲወጣ ደግሞ ከፍታው ከ2700 ሜትር ስለሚያልፍ መፍያው ወደ 91 ዲግሪ ይወርዳል። ባቄላ ለሚቀቅል ሰው ይህ አዲስ ነገር አይደለም። አረብ ብረትን አግሎ በውኃ ለሚያቀዘቅዝ ተመራማሪ ግን ጉዳዩ ብዙም ሲነሳ አይሰማም፤ በእጃችን የሚገኙት የመማሪያ መጻሕፍት የማቀዝቀዣ ሰንጠረዦችም በአመዛኙ የተዘጋጁት በባሕር ወለል አቅራቢያ ባሉ ቤተ ሙከራዎች ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ የማሞቂያው፣ የማቆያውና የማቀዝቀዣው ሂደት የከፍተኛ ጥንካሬ ባለ ሁለት ሁነት አረብ ብረትን ውስጠ መዋቅር እንዴት እንደሚወስን ይመረምራል። ጥያቄው ተግባራዊ ነው፦ አንድ የድኅረ ምረቃ ተማሪ በአንድ የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ በአንድ ባልዲ ውኃና ከገበያ በተገዛ ፌሮ ተነሥቶ ይህን ብረት ቢሠራ፣ ያገኘው ውጤት ምን ያህል የሚታመን ይሆናል?

ስለ ስያሜውና ስለ አመጣጡ

በመስኩ የሚነገረውን «ፌዝ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል እንዳለ ማምጣት ለአማርኛ ጸሐፊ ፈተና ነው፤ በቋንቋችን ፌዝ ማላገጥ ነውና «ባለ ሁለት ፌዝ ብረት» ማለት ለአንባቢ ፈገግታን እንጂ ዕውቀትን አይጨምርም። ስለዚህ እዚህ «ሁነት» የሚለውን ቃል እጠቀማለሁ። የሁለቱን ሁነቶች ስም ግን፣ ማለትም ፌራይትንና ማርቴንሳይትን፣ እንዳሉ መተው ይሻላል፤ በዓለም ሁሉ የሚታወቁት በዚሁ ስማቸው ነው።

ባለ ሁለት ሁነት አረብ ብረት ማለት ለስላሳና በቀላሉ የሚለጠጥ የፌራይት መደብ ላይ ጠጣር የማርቴንሳይት ደሴቶች የተበተኑበት፣ አነስተኛ ካርቦን ያለው ብረት ነው። የማርቴንሳይቱ ድርሻ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 40 በመቶ ይደርሳል። ካርቦኑ በአብዛኛው ከ0.06 እስከ 0.15 በመቶ፣ ማንጋኒዙ ከ1.5 እስከ 2.5 በመቶ ነው፤ እንደ ደረጃው ሲሊከን፣ ክሮሚየምና ሞሊብዴነም ይታከሉበታል። ዲፒ 590፣ ዲፒ 780፣ ዲፒ 980 የሚባሉት ደረጃዎች ቁጥራቸው ዝቅተኛውን የመሳብ ጥንካሬ በሜጋፓስካል ያመለክታል።

የዚህ ብረት ልዩ ጠባይ የሚታየው በመሳቢያ ማሽን ላይ ነው። ተራ የለስላሳ ብረት ናሙና ሲሳብ መሸነፊያው ላይ ሲደርስ ለጥቂት ጊዜ ጫና ሳይጨምር ይለጠጣል። ባለ ሁለት ሁነቱ ግን እንዲህ ያለ ሜዳ የለውም፤ ኩርባው ያለ እረፍት ይወጣል። ምክንያቱ ኦስቴናይት ወደ ማርቴንሳይት ሲለወጥ ይዘቱ ከ2 እስከ 4 በመቶ ስለሚሰፋ በዙሪያው ያለውን ፌራይት ይገፋዋል፤ በድንበሩም ላይ ገና ካርቦን ያልያዛቸው፣ ለመንቀሳቀስ ዝግጁ የሆኑ ብዙ የክሪስታል ስንጥቀቶች፣ በመስኩ ስማቸው ዲስሎኬሽኖች፣ ይፈጠራሉ። ስለዚህ መሸነፍ በዝቅተኛ ጫና ይጀምራል፤ የመሸነፊያ ጥንካሬው ከመሳብ ጥንካሬው ግማሽ ወይም ከዚያ ትንሽ ከፍ ያለ ብቻ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ግን ብረቱ በተለጠጠ ቁጥር ይጠነክራል።

የታሪኩ መነሻ የ1970ዎቹ የነዳጅ ቀውስ ነው። መኪና እንዲቀል ላሜራው መሳሳት ነበረበት፤ ላሜራው ሲሳሳ መጠንከር ነበረበት፤ የጠነከረ ብረት ደግሞ በማተሚያ ሥር ይሰነጠቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1975 ሃያሚና ፉሩካዋ ከጃፓን፣ በ1976 ራሺድ ከጄኔራል ሞተርስ ያቀረቧቸው ጽሑፎች ጥንካሬና ተለጣጭነት በአንድ ብረት ሊገናኙ እንደሚችሉ አሳዩ። በዚሁ ጊዜ በበርክሌይ ኩና ቶማስ የማሞቂያውን ቅደም ተከተል በመለዋወጥ ብቻ፣ የብረቱን ቅመም ሳይነኩ፣ የማርቴንሳይቱን ቅርጽ መለወጥ እንደሚቻል እያጠኑ ነበር። ለእኛ ይበልጥ የሚጠቅመን ይህ ሦስተኛው መንገድ ይመስለኛል፤ ቅመሙን መምረጥ የማይችል ቤተ ሙከራ የሚቀረው ሙቀትንና ጊዜን መምረጥ ነውና።

የማሞቂያው ደረጃ

ሥራው የሚጀምረው ብረቱን ፌራይትና ኦስቴናይት አብረው በሚኖሩበት የሙቀት ክልል ውስጥ በማቆየት ነው። ይህ ክልል ለአነስተኛ ካርቦን ብረት ከ720 እስከ 850 ዲግሪ ገደማ ይዘረጋል፤ ትክክለኛው ወሰን እንደ ቅመሙ ይለያያል። በክልሉ ውስጥ ሙቀቱ ከፍ ባለ ቁጥር የኦስቴናይቱ ድርሻ ይጨምራል፤ ፈጣን ቅዝቃዜ ሲከተል ወደ ማርቴንሳይት የሚለወጠውም ይኸው ድርሻ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ተማሪዎች የሚስቱት አንድ ነጥብ አለ። ድርሻው ሲጨምር ጠጣርነቱ ይቀንሳል። ካርቦን በፌራይት ውስጥ እጅግ ጥቂት ስለሚሟሟ ከሞላ ጎደል ሁሉም ወደ ኦስቴናይቱ ይሰደዳል፤ ኦስቴናይቱ ጥቂት ከሆነ ካርቦኑ ይከማችበታል፣ ብዙ ከሆነ ይሳሳበታል። በቀላል ስሌት እንየው። ብረቱ 0.10 በመቶ ካርቦን ቢኖረውና ፌራይቱ 0.02 በመቶ ይይዛል ብንል፣ ኦስቴናይቱ 20 በመቶ ሲሆን የሚደርሰው ካርቦን 0.42 በመቶ ነው፤ 40 በመቶ ሲሆን ግን 0.22 በመቶ ብቻ። አንድሩስ እ.ኤ.አ. በ1965 ባወጣው ቀመር ማርቴንሳይት መፈጠር የሚጀምርበትን ሙቀት ብናሰላ፣ ማንጋኒዙን 1.5 በመቶ ይዘን፣ ለመጀመሪያው 316፣ ለሁለተኛው 400 ዲግሪ ገደማ እናገኛለን። ቀመሩ የተዘጋጀው ሙሉ በሙሉ ኦስቴናይት ለሆነ ብረት ስለሆነ ቁጥሩን እንደ ግምት መያዝ ያስፈልጋል፤ አቅጣጫው ግን አያሳስትም። የመጀመሪያው ማርቴንሳይት ጠጣርና ተሰባሪ ነው። ሁለተኛው ለዘብ ያለና ከፌራይቱ ጋር አብሮ ሊለጠጥ የሚችል ነው።

ስለዚህ «ማርቴንሳይቱ በበዛ ቁጥር ብረቱ ይጠነክራል» የሚለው አነጋገር ግማሽ እውነት ነው። የምድጃው ሙቀት የ10 ዲግሪ ስሕተት ቢኖረው የማርቴንሳይቱ ድርሻ በበርካታ በመቶ ይዛባል፤ አብሮት የካርቦን መጠኑም ይዛባል። የምድጃው መስኮት ላይ የሚታየው ቁጥር የናሙናው ሙቀት አይደለም። ቴርሞካፕሉ በናሙናው ላይ መበየድ ወይም በተሰረሰረ ቀዳዳ ውስጥ መግባት አለበት፤ ይህ ካልተደረገ የተቀረው ልኬት ሁሉ በአሸዋ ላይ ይቆማል።

የማቆያው ጊዜም የራሱ ታሪክ አለው። ስፓይክና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1981 እንዳሳዩት ኦስቴናይት በሦስት እርከን ያድጋል። በመጀመሪያ ፐርላይቱ እጅግ ፈጥኖ ይሟሟና በካርቦን የበለጸገ ኦስቴናይት ይሆናል። ቀጥሎ ኦስቴናይቱ ወደ ፌራይቱ እየገፋ ያድጋል፤ ይህ በዝቅተኛ ሙቀት በማንጋኒዝ ዝግተኛ ጉዞ፣ በከፍተኛ ሙቀት ደግሞ በካርቦን ስርጭት ይገዛል። በመጨረሻ በኦስቴናይቱ ውስጥ ማንጋኒዝ እኩል እስኪዳረስ እጅግ ረጅም ጊዜ ያስፈልጋል፤ በፋብሪካም ሆነ በቤተ ሙከራ የሚጠብቀው የለም። ባጭሩ፣ አሥር ደቂቃና አንድ ሰዓት ያቆየናቸው ሁለት ናሙናዎች ሙቀታቸው አንድ ቢሆንም አንድ ብረት አይደሉም።

የመነሻው መዋቅር ደግሞ የመጨረሻውን ቅርጽ አስቀድሞ ይጽፋል። ፌራይትና ፐርላይት ያለው ብረት ሲሞቅ አዲሱ ኦስቴናይት በፐርላይቱ ቦታና በቅንጣቶቹ ድንበር ላይ ስለሚበቅል፣ ማርቴንሳይቱ በመጨረሻ ፌራይቱን እንደ አጥር የከበበ ሰንሰለት ይሆናል። አስቀድሞ ሙሉ በሙሉ ማርቴንሳይት የሆነ ብረት በሁለቱ ሁነቶች ክልል ቢሞቅ ግን ኦስቴናይቱ በቀጫጭኖቹ የማርቴንሳይት ዘንጎች መካከል ይበቅላል፤ ውጤቱም ደቃቅና ቃጫ መሰል ነው። ሦስተኛው መንገድ ብረቱን መጀመሪያ ሙሉ በሙሉ ኦስቴናይት አድርጎ ወደ ሁለቱ ሁነቶች ክልል ማውረድ ሲሆን፣ የሚያስገኘው ሻካራና ጎላ ጎላ ያሉ የማርቴንሳይት ጉብታዎችን ነው። በጥንካሬና በመለጠጥ መመጣጠን ረገድ ቃጫ መሰሉ ብዙ ጊዜ ይመረጣል።

በብርድ የተዳመጠ ላሜራ ከሆነ ሌላ ፉክክር ይጨመራል። የተጨፈለቀው ፌራይት ራሱን በአዲስ ቅንጣት ለማደስ ጊዜ ይፈልጋል። ማሞቂያው ዝግ ካለ ፌራይቱ ታድሶ ከጨረሰ በኋላ ኦስቴናይት ይጀምራል፤ ከፈጠነ ግን ሁለቱ ይደራረቡና ማርቴንሳይቱ በመዳመጫው አቅጣጫ የተሰለፈ ረድፍ ይሆናል።

የማቀዝቀዣው መንገድ

ከማቆያው በኋላ ኦስቴናይቱ ሦስት ዕጣ አለው፦ ወደ ፌራይትና ፐርላይት መመለስ፣ ቤይናይት መሆን፣ ወይም ማርቴንሳይት መሆን። ምርጫው የቅዝቃዜው ፍጥነትና የኦስቴናይቱ ቅመም ነው። 1.5 በመቶ ማንጋኒዝ ላለው ብረት ፐርላይትን ለማምለጥ በሴኮንድ በአሥሮች የሚቆጠር ዲግሪ ይበቃል። ማንጋኒዙ ወደ 0.7 በመቶ ሲወርድ ግን የሚፈለገው ፍጥነት በሴኮንድ ወደ በርካታ መቶ ዲግሪ ይወጣል። ክሮሚየምና ሞሊብዴነም ፍጥነቱን ዝቅ ያደርጋሉ፤ በፋብሪካ የሚጨመሩትም ለዚሁ ነው።

ዝግ ያለ ቅዝቃዜ ሁልጊዜ ጠላት ነው ብሎ መደምደም ግን አይገባም። ከማቆያው ሙቀት ተነሥቶ ለጥቂት ሴኮንዶች ቀስ ብሎ ሲወርድ፣ ቀድሞ ከነበረው ፌራይት ጫፍ ላይ አዲስ ፌራይት ይቀጠላል። ይህ አዲስ ፌራይት ካርቦኑን ወደ ቀረው ኦስቴናይት ስለሚገፋ፣ የቀረው ኦስቴናይት ያንሳል ነገር ግን ይበለጽጋል፤ ስለበለጸገም በቀላሉ ማርቴንሳይት ለመሆን ይችላል። ዘመናዊ የማያቋርጥ የማሞቂያ መስመሮች ይህንን ሆነ ብለው ይጠቀሙበታል፦ መጀመሪያ እስከ 700 ወይም 650 ዲግሪ በዝግታ፣ ከዚያ በጋዝ ጄት ወይም በውኃ በፍጥነት። ዚንክ የሚቀባ መስመር ሲሆን ላሜራው በ460 ዲግሪ አካባቢ ባለ የቀለጠ ዚንክ ውስጥ ማለፍ ስላለበት ቅመሙ ካልተጠበቀ ኦስቴናይቱ እዚያው ቤይናይት ይሆናል።

በእኛ ቤተ ሙከራዎች ይህ ዝግተኛ ቅዝቃዜ ያለ ፈቃዳችን የሚመጣበት አጋጣሚ አለ፤ መብራት ሲጠፋ። ናሙናው በ790 ዲግሪ ላይ ሳለ ኃይል ተቋርጦ ምድጃው እስከ 740 ቢወርድ፣ ከዚያም ናሙናው ውኃ ውስጥ ቢገባ፣ የተገኘው ብረት በ740 ዲግሪ ከተቆየው ጋር አንድ አይደለም። የማርቴንሳይቱ ድርሻ ሊቀራረብ ይችላል፤ ቅርጹና የማንጋኒዙ አቀማመጥ ግን የ790 ነው። እንዲህ ያለውን ናሙና ጥሎ እንደገና መጀመር ያሳዝናል፤ መዝገቡ ውስጥ ሳይጻፍ ማለፍ ግን ጥፋት ነው። በጥንቃቄ ከተመዘገበ ደግሞ ራሱን የቻለ ሙከራ ይሆናል።

ሌላው የማቀዝቀዣው ውጤት ከማርቴንሳይት መፈጠር በኋላ ይመጣል። ካርቦኑ ያነሰ ማርቴንሳይት በ400 ዲግሪ አካባቢ መፈጠር ሲጀምር፣ ቀድመው የተፈጠሩት ዘንጎች ወደ ክፍሉ ሙቀት እስኪወርዱ ድረስ በገዛ ሙቀታቸው ይላላሉ። ሆነ ብሎ እንደገና ማሞቅም የተለመደ ነው፤ በ200 ዲግሪ አካባቢ የማርቴንሳይቱ ውስጣዊ ውጥረት በመጠኑ ይረግባል፣ ከ400 በላይ ሲሆን ግን ካርቦኑ ወጥቶ ስንጥቀቶቹን ስለሚይዛቸው የጠፋው የመሸነፊያ ሜዳ ተመልሶ ይመጣል፤ ያን ጊዜ ብረቱ የባለ ሁለት ሁነትን ጠባይ አጥቷል።

በሁለቱ ሁነቶች መካከል ያለው የጠጣርነት ልዩነት የሚከፈልበት ዋጋም አለ። ልዩነቱ በሰፋ ቁጥር ጫናው በድንበሩ ላይ ይከማቻል፤ ጥቃቅን ባዶ ቦታዎች የሚጀምሩት ወይ ማርቴንሳይቱ ሲሰበር ወይ ከፌራይቱ ሲለያይ ነው። ተራ የመሳብ ፈተና ላይ ጥሩ ሆኖ የታየ ላሜራ ተቆርጦ ጠርዙ ሲታጠፍ የሚሰነጠቀው በዚህ ምክንያት ነው። ማንጋኒዝ ብረቱ ሲረጋ በረድፍ በረድፍ ስለሚቀመጥ ማርቴንሳይቱም በረድፍ ከተሰለፈ ጉዳቱ ይብሳል።

የውኃው ነገር

አሁን ወደ ባልዲው እንመለስ። የጋለ ብረት ውኃ ውስጥ ሲገባ በመጀመሪያ በእንፋሎት ሽፋን ይከበባል። ሽፋኑ ሙቀትን አያስተላልፍም ማለት ይቻላል፤ በዚህ ጊዜ ቅዝቃዜው ዝግተኛ ነው። ሽፋኑ ሲሰበር ውኃው ብረቱን ይነካና በኃይል ይፈላል፤ ፈጣኑ ቅዝቃዜ ይህ ነው። ሽፋኑን ዕድሜ የሚሰጠው ዋና ነገር በውኃው ሙቀትና በመፍያው መካከል ያለው ርቀት ነው። ርቀቱ ሲያጥር ሽፋኑ ይቆያል።

ውኃው 25 ዲግሪ ሲሆን ርቀቱ በባሕር ወለል 75፣ በባሕር ዳር 69፣ በግሽ አባይ 66 ዲግሪ ነው። የባሕር ዳር ጉድለት 8 በመቶ፣ የግሽ አባይ 12 በመቶ መሆኑ ነው፤ ይህ የሚያሰጋ አይደለም። ነገር ግን አንድ ኪሎ ብረት ከ780 ዲግሪ ወርዶ አሥር ሊትር ውኃ ውስጥ ሲገባ ውኃውን በ11 ዲግሪ ገደማ ያሞቀዋል። ሦስት ናሙና ተራ በተራ ከገባ ውኃው 60 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል። ያን ጊዜ ርቀቱ በባሕር ወለል 40፣ በባሕር ዳር 34፣ በግሽ አባይ 31 ይሆናል፤ ጉድለቱ ወደ 15 እና ወደ 22 በመቶ አደገ ማለት ነው። ከዚህም በላይ የአየሩ ግፊት ዝቅ ሲል እንፋሎቱ ራሱ ስለሚሳሳና ይዘቱ ስለሚሰፋ ሽፋኑ ይወፍራል፤ የሚንተከተክ ውኃ ሊቀበለው የሚችለው ከፍተኛው የሙቀት ፍሰትም ለባሕር ዳር ወደ 10፣ ለግሽ አባይ ወደ 15 በመቶ ይቀንሳል።

ይህ በብረቱ ላይ ምን ያደርጋል? በእንፋሎት ሽፋኑ ወቅት ከእያንዳንዱ ካሬ ሜትር የሚወጣው ሙቀት 300 ኪሎ ዋት ነው እንበል። 1.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ላሜራ በሁለት ገጹ ስለሚቀዘቅዝ በሴኮንድ 80 ዲግሪ ገደማ ይወርዳል። 12 ሚሊ ሜትር ዲያሜትር ያለው ዘንግ ግን በሴኮንድ 20 ዲግሪ ብቻ። ላሜራው ማንጋኒዝ ከጠገበ ሽፋኑ ውስጥ እያለ እንኳ ፐርላይትን ያመልጣል። ዘንጉ ማንጋኒዙ ጥቂት ከሆነ ከ750 እስከ 550 ዲግሪ ለመውረድ አሥር ሴኮንድ ይወስድበታል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ኦስቴናይቱ በአብዛኛው ወደ ፌራይትና ፐርላይት ይመለሳል። ስለዚህ ለዘንጉ ወሳኙ ጥያቄ ሽፋኑ ስንት ሴኮንድ ይቆያል የሚለው ነው።

እዚህ ላይ ሚዛን መጠበቅ ያስፈልጋል። ቀዝቃዛና በደንብ የሚታመስ ውኃ ውስጥ ሽፋኑ ወዲያው ስለሚሰበር የከፍታው ልዩነት ከመለኪያ ስሕተት በታች ይውላል። ከ5 እስከ 10 በመቶ የገበታ ጨው የተሟሟበት ውኃም ሽፋኑን ይሰብራል፤ ናሙናው ግን ወዲያው መታጠብ አለበት። ከፍታን ለደካማ ውጤት ሰበብ ማድረግ አይገባም። የሚገባው የውኃውን ሙቀት፣ መጠኑን፣ መታመስ አለመታመሱንና ሙከራው የተካሄደበትን ከፍታ በጽሑፉ ውስጥ ማስፈር ነው። «በውኃ ተቀዝቅዟል» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ለሚደግመው ሰው አይበቃም።

ፌሮ እንደ መነሻ ናሙና

በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ትብብር የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ሲከፈት የብረታ ብረት ቴክኖሎጂ ከመጀመሪያዎቹ ትምህርቶች አንዱ ነበር። ዛሬም በግቢውና በከተማው በቀላሉ የሚገኘው የአረብ ብረት ናሙና ፌሮ ነው፤ ላሜራውን በቅመም መርጦ መግዛት አስቸጋሪ ሲሆን ፌሮ በየግንባታው ቁርጥራጩ ይገኛል። ስለዚህ ተማሪው ወደ ፌሮ ማዘንበሉ የሚጠበቅ ነው። ነገር ግን በፌሮ ውስጥ ሁለት ወጥመዶች አሉ።

የመጀመሪያው ቅመሙ ነው። የፌሮ ካርቦን ብዙ ጊዜ 0.2 በመቶ አካባቢ፣ ማንጋኒዙ ከ1 በመቶ በታች ነው። ከላይ ባየነው ስሌት፣ ኦስቴናይቱ 30 በመቶ ቢሆን ካርቦኑ ወደ 0.62 በመቶ ይወጣል፤ ማርቴንሳይት የሚጀምርበት ሙቀት 256 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። ይህ ተሰባሪ ማርቴንሳይት ነው። ሙቀቱን ከፍ አድርገን ኦስቴናይቱን 50 በመቶ ብናደርሰው ካርቦኑ ወደ 0.38 ይወርዳል፣ ነገር ግን በጥቂት ማንጋኒዝ ምክንያት የሚፈለገው የቅዝቃዜ ፍጥነት ከፍ ይላል። በሁለት በኩል የተሳለ ቢላዋ ነው። ከውዳቂ ብረት የተቀለጠ ፌሮ ከሆነ ደግሞ ቅመሙ ከአንድ ቅልጥ ወደ ሌላው ስለሚለያይ፣ የሁለት ቤርጋ ፌሮዎችን ውጤት ቅመማቸው ሳይለካ በአንድ ሰንጠረዥ ማስቀመጥ አይቻልም።

ሁለተኛው ወጥመድ ይበልጥ ስውር ነው። ዛሬ በገበያ ላይ ያለው ጥርሳም ፌሮ በአብዛኛው በ1970ዎቹ በቤልጅየም ከተጀመረው ቴምፕኮር ከሚባለው ዘዴ ጋር በሚመሳሰል መንገድ የተሠራ ነው። ዘንጉ ከመዳመጫው ገና ቀይ ሆኖ ሲወጣ በውኃ ሳጥን ውስጥ ለአጭር ጊዜ ያልፋል፤ ገጹ ማርቴንሳይት ይሆናል፣ መካከሉ ግን እንደጋለ ይቀራል። ከዚያ የመካከሉ ሙቀት ወደ ውጭ ተመልሶ ገጹን እስከ 600 ዲግሪ አካባቢ ያሞቀውና ያላላዋል። ጫፉን ብቻ ውኃ ነክሮ አውጥቶ የቀረው ግለት ወደ ጫፉ እስኪመለስ የሚጠብቅ ቀጥቃጭ የሚያውቀው ብልሃት ነው፤ ፋብሪካው በፍጥነትና በመጠን አሳደገው እንጂ። የመጨረሻው ዘንግ በውጭ የላላ ማርቴንሳይት ቀለበት፣ በመካከል ፌራይትና ፐርላይት፣ በሁለቱ መሐል ቀጭን የቤይናይት መሸጋገሪያ አለው።

አንዳንድ ጊዜ ይህ ፌሮ ራሱ «ባለ ሁለት ሁነት» ሲባል ይሰማል። ስሕተት ነው። በፌሮው ሁለቱ መዋቅሮች በሚሊ ሜትር የሚለካ ቀለበትና ማዕከል ናቸው፤ በባለ ሁለት ሁነት ብረት ግን በማይክሮ ሜትር ደረጃ እርስ በርስ ተበትነው አብረው ይሠራሉ። የመሳቢያ ኩርባቸውም አይመሳሰልም፤ ፌሮው ብዙ ጊዜ ግልጽ የመሸነፊያ ሜዳ ያሳያል።

ለሙከራው ዋናው መዘዝ ይህ ነው። ፌሮውን እንዳለ በ760 ዲግሪ አቆይተን ብናቀዘቅዘው፣ በአንድ ዘንግ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ብረቶችን እንሠራለን። ቀለበቱ ከማርቴንሳይት ስለተነሣ ወደ ቃጫ መሰል ያዘነብላል፤ ማዕከሉ ከፌራይትና ፐርላይት ስለተነሣ ሰንሰለታዊ ይሆናል። የመሳቢያ ማሽኑ የሁለቱን ድምር ይሰጠናል፤ ማይክሮስኮፑ ደግሞ የታየውን አንዱን። ሁለቱን አገናኝቶ «ይህ ቅርጽ ይህን ጥንካሬ ሰጠ» ማለት መሠረት የለውም። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ዘንጉን በቶርኖ ልጦ ቀለበቱን ማስወገድና በማዕከሉ ብቻ መሥራት፤ ወይም ሁሉንም ናሙና አስቀድሞ በ900 ዲግሪ አካባቢ አሙቆ በአየር በማቀዝቀዝ ወደ አንድ መነሻ ማምጣት። ቀለበቱ መወገዱን ለማረጋገጥ የተወለወለውን ጫፍ በናይታል፣ ማለትም ጥቂት ናይትሪክ አሲድ በተጨመረበት አልኮል፣ ማራስ ይበቃል፤ ቀለበቱ ካለ በዓይን ይታያል።

ናይታል ግን ቤይናይትንና ማርቴንሳይትን በግልጽ አይለይም። ለዚህ የሌፔራ ፈሳሽ ይሻላል፦ 1 በመቶ ሶዲየም ሜታባይሰልፋይት በውኃ፣ 4 በመቶ ፒክሪክ አሲድ በአልኮል፣ እኩል ተደርጎ በሚሠራበት ሰዓት የሚቀላቀል። ማርቴንሳይቱ ነጭ ሆኖ ይቀራል፣ ቤይናይቱ ይጠቁራል፣ ፌራይቱ ቀለም ይይዛል። ፒክሪክ አሲድ ሲደርቅ የሚፈነዳ ነገር ነውና ሁልጊዜ እርጥብ ሆኖ መቀመጥ አለበት፤ በክዳኑ ዙሪያ የደረቀ ዱቄት የሚታይበትን ጠርሙስ መንካት የለብንም።

ከግንባታ ደንቡ አንጻር

አንዳንድ የመመረቂያ ጽሑፎች በባለ ሁለት ሁነት ፌሮ ላይ ሲሠሩ የሚያቀርቡት ምክንያት ለሕንፃ የተሻለ ይሆናል የሚል ነው። ጉዳዩ ሊመረመር የሚገባው ነው፤ ነገር ግን ደንቡን ከፍቶ ማየት ይቀድማል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2015 የአውሮፓን የግንባታ ደንቦች ተቀብላ የራሷ አድርጋለች። የኮንክሪቱ ደንብ ለፌሮ የመሳብ ጥንካሬ ለመሸነፊያ ጥንካሬ ያለውን ንጽጽር ይወስናል፦ ለ«ቢ» ክፍል ቢያንስ 1.08፣ ለ«ሲ» ክፍል ከ1.15 ያላነሰና ከ1.35 ያነሰ። የላይኛው ወሰን የተቀመጠው ያለ ምክንያት አይደለም። በመሬት መንቀጥቀጥ ጊዜ ምሰሶው ሳይሆን አግዳሚው ቀድሞ እንዲሸነፍ መሐንዲሱ ያሰላል፤ የአግዳሚው ፌሮ ከተሸነፈ በኋላ ያለ ገደብ ከጠነከረ ጉዳቱ ወደ ምሰሶው ይዛወራል። የባለ ሁለት ሁነት ብረት ንጽጽር 1.8 ገደማ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ብረቱ «መልካም» በመሆኑ ብቻ የ«ሲ» ክፍልን መስፈርት አያሟላም፤ በማላላት ንጽጽሩን ዝቅ ማድረግ ይቻላል፣ ያን ጊዜ ግን ለምን ባለ ሁለት ሁነት እንደተመረጠ እንደገና መጠየቅ ይመጣል።

ይልቅ ዛሬውኑ በግንባታ ቦታዎች ላይ የሚያሳስበው ያለው ፌሮ አያያዝ ነው። ወፍራም ፌሮ አልታጠፍ ሲል በእሳት አግሎ ማጠፍና ፌሮን ከፌሮ ጋር ያለ ጥናት መበየድ የሚታይ ልማድ ነው። የቀለበቱ ጥንካሬ የመጣው 600 ዲግሪ አካባቢ ከላላ ማርቴንሳይት ነው። ከዚያ በላይ ሲሞቅ ይበልጥ ይላላል፤ ከ720 ዲግሪ በላይ ሞቆ በአየር ሲቀዘቅዝ ቀለበቱ በዚያ ቦታ ጨርሶ ይጠፋል፣ የቀረው ዘንግ በስሌቱ ላይ ከተጻፈው በታች የሚሸነፍ ተራ ብረት ነው። በማጠፊያው ላይ፣ ማለትም ጫናው በሚበዛበት ቦታ፣ ይህ መሆኑ ነገሩን ያከብደዋል። በገመድ መጋዝ ሳይሆን በተራ መጋዝ ከማጠፊያው ላይ የተቆረጠ፣ የተወለወለና በናይታል የራሰ አንድ ጫፍ ቀለበቱ መኖር አለመኖሩን በአምስት ደቂቃ ውስጥ ያሳያል፤ የተለያዩ የማሞቂያ ሙቀቶችንና ጊዜዎችን ወስዶ የቀለበቱን ጠጣርነት ከገጽ ወደ ማዕከል በየግማሽ ሚሊ ሜትሩ መለካት ደግሞ ለአንድ የማስተርስ ጥናት የሚበቃ፣ በእጃችን ባሉት መሣሪያዎች ሊሠራ የሚችል ሥራ ነው።